እጅህ ሳይሆን እጅሽ

በጎንደር ከተማ ቀጥ ያለ የሱሪ ስፌት ማየት የፈለገ ሰው ወደ እኔ ሱቅ ይምጣ። እኔ የሰፋሁትን ሱሪ የለበሰ ሰው ጠማማ መንገድ መሄድ ያቅተዋል። አንድ ደንበኛዬ ከፒያሳ ወደ ቤቱ ሲሄድ መታጠፊያውን ስቶ አዘዞ ድረስ ቀጥ ብሎ ሄደ ተብሎ ይወራል። ያወራሁት እኔ ነኝ።

ስለ ሱሪ ይህን ያህል ከጎረርሁ ይበቃል። ላወራው የተነሣሁት ስለ ካባ ነው፤ በካባ ነገር ደግሞ ለሃያ ሁለት ዓመት ዋሽቻለሁ። ዋሽቻለሁ እንኳ አይባልም፤ ያልሁት «አሜን» ብቻ ነው። ጥፋቴ የተገለጠልኝም በጃፓን ካርቱን ነው። ይህን ለንስሐ አባቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እስካሁን መላ አላገኘሁለትም።

ቀኑ የታኅሣሥ ቅዳሜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። ቤታችን ቁስቋም ነው፤ ከዳገቱ የሚወርደው የታኅሣሥ ነፋስ በር ሳያንኳኳ የሚገባ ዘመድ ነው። ሱቄን ዘግቼ ስገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ላፕቶፗን ሣጥን ላይ አቁማ፣ በብርድ ልብስ ተጀቡና ታለቅሳለች። ሰው የሞተ መስሎኝ ጋቢዬን ላዘቀዝቅ ትንሽ ቀረኝ።

«ማን ነው?» አልኋት።

«ሳህኑን ሰበረው» አለችኝ።

«የትኛውን ሳህን? የእናትሽን?»

«አባዬ ደግሞ! እሱ ነዋ፣ ልጁ!»

ወደ ላፕቶፑ አየሁ። ዓይኑ የፊቱን ግማሽ የያዘ ጎረምሳ ዝናብ ላይ ቆሞ የሸክላ ስብርባሪ ያያል። «ለካርቱን ነው እንዲህ የምታለቅሺው?» ብላት፣ «ካርቱን አይደለም፤ አኒሜ ነው» አለችኝ፣ ቄሱን ደብተራ ብዬ የጠራሁባት ያህል ተቆጥታ።

ሚስቴ እንደ ወትሮዋ መስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ ከሚወድቅበት ቦታ ተቀምጣ፣ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ በወርቅማ ክር ትጠልፋለች። የኮላ ድባ ሙሽራ ካባ ነው፤ ለጥር ሠርግ። ሚስቴ ጠላፊ ናት። በእኛ አገር ጠላፊ ሲባል የሰው ልጅ ነጥቆ የሚሄድ ጎረምሳ ነው የሚታሰበው፤ እኛ ቤት ግን ነገሩ ተገልብጦ የተጠለፍሁት እኔ ነኝ።

በዚያ ወር ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏት ጀምረው ነበር። ሞቅ ባለ ውሃ ነክራ እያሸች «ብርዱ ነው» ትላለች። ሐኪም ቤት ሄደን የሚዋጥ ሰጧትና «እጅሽን አሳርፊ» አሏት። እሷን እጅሽን አሳርፊ ማለት እኔን አፍህን አሳርፍ እንደማለት ነው። መርፌ መያዝ ቢያቅታት ምን እንደምትሆን ላስብ እጀምርና ቶሎ ብዬ እቀልዳለሁ። የዚያን ቀንም ልቀልድ ነው ከልጄ አጠገብ የተቀመጥሁት።

ልጄ ከሥር የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጮክ ብላ ትተረጉምልን ጀመር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጎረምሳው ለሰባት ትውልድ ሸክላ ሲሠሩ ከኖሩ ሰዎች ቤት የተወለደ ነው። እዚያ አገር ሸክላ ሠሪ ሲያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። እኛ ሸክላ ሠሪን ምን እያልን እንደኖርን እናውቀዋለን፤ በድስቱ ወጥ ሠርተን ጣታችንን መላሱን ግን አልተውንም። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጭቃ ሲያቦካ አድጓል፤ ይደክማል፣ ይጥራል፣ ሥራውም ደህና ነው። ደህና ብቻ። አንድ ቀን ከሌላ ከተማ አንዲት ልጅ ሙያ ልትማር ትመጣለች። ጭቃው እጇ ሲነካው የሚያውቃት ይመስል እሺ ይላታል። ልጁ የራሱን ሳህን የሰበረውም ይህን አይቶ ነው። ልጁ ይወዳታል። እወድሻለሁ ሊላት አፉን በከፈተ ቁጥር ግን የሚወጣው ቀልድ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቅናት እንዳይታይ።

«ቀልዱ እንኳ አያስቅም» አልሁ።

«ያንተም እንደዚያው ነው» አለች ሚስቴ፣ ከጥልፏ ቀና ሳትል።

እኔ ግን ልጁን አውቀዋለሁ። እኔና ሚስቴ ሙያ የተማርነው ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ቀድሜ ገብቻለሁ። ጥልፍ ስለምድ ከጣቴ የፈሰሰው ደም ቢጠራቀም የአንገረብን ወንዝ ያስሞላ ነበር። እሷ መጣች። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ቁራጭ ጨርቅ ላይ የወይን ሐረግ ጠለፈች። መምህራችን ጨርቁን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና፣ አጠገባቸው የነበረውን የእኔን ጥልፍ አንሥተው መስተዋቱን ጠረጉበት፤ የእሷን አጥርተው ለማየት።

በዚያ ቀን ፍቅርና ቅናት በአንድ የመርፌ ቀዳዳ ገቡብኝ። ቀልደኛ የሆንሁትም ያን ቀን ነው፤ በእጁ የተበለጠ ሰው በአፉ ይካሳል።

ወደ ካርቱኑ ልመለስ። ሰባተኛው ክፍል ላይ ደርሰናል። አንድ ስመ ጥር አዛውንት ሸክላ ሠሪ ወደ ልጁ ቤት ይመጣሉ። ከተደረደሩት ሳህኖች መካከል አንዱን ያነሣሉ። ልጅቷ የሠራችው ነው። እሷ ግን ከጓሮ እንጨት ልታመጣ ሄዳለች፤ አጠገብ የቆመው ልጁ ነው። አዛውንቱ ሳህኑን ደረታቸው ላይ አስጠግተው አንድ ነገር ተናገሩ።

ልጄ ተረጎመች፦ «እጅሽ የተባረከ ነው።» ወዲያው ደግሞ፦ «ቆይ ቆይ፣ ተሳሳትሁ። እጅህ ነው። ለሱ ነው የሚሉት፤ የሱ ሥራ መስሏቸው። እንግሊዝኛው እኮ ወንድና ሴት አይለይም።»

ልጁ ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው። ጎንበስ ብሎም ምስጋናውን ተቀበለ።

«እና አሁን ጥፋተኛው ማን ነው?» አለች ልጄ።

«ሳህኑ» አልሁ። ማንም አልሳቀም።

«ምስኪን» አለች ሚስቴ። «አንዴ ዝም ካለ በኋላ ምን ያርግ? በየቀኑ ይከብደዋል።» አውራ ጣቷን በሌላው እጇ እያሸች ነበር የምትናገረው።

ብትሰድበው ይሻለኝ ነበር። ለካ ለሃያ ሁለት ዓመት ሰው ካባ ሊወስድ ወደ ሱቄ ይመጣል፤ ሚስቴ ቤት ናት፣ ብርሃኑ መስኮቷ ሥር ነው፣ ልጅም እዚያው አሳድጋለች፤ ካባውን ዘርግቼ የማሳየው እኔ ነኝ። ሰውየው «እጅህን ቁርጥማት አይንካው!» ይላል። መጀመሪያ ጊዜ አሜን ልበልና አስረዳለሁ ብዬ ነበር። አሜኑ ቀደመ፤ ማስረዳቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያልሁት አሜን ቢደረደር ከቁስቋም ተነሥቶ ድብ ባሕርን አልፎ ይሄዳል።

እጄን አየሁት። አምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ጣቶቼ ግን እንደ ክርስትና ሕፃን ጣት ለስላሳ ናቸው። አንድ ቀን ቆርጥሞኝ አያውቅም። ከዚያ የእሷን አየሁ። ሐኪሙ የራሱን ምክንያት ይንገረኝ፤ እኔ ግን የዚያን ሁሉ ሰው ምርቃት ማን እንደበላው አውቃለሁ። እጁን በፍየል ቆዳ ሸፍኖ የወንድሙን ምርቃት የወሰደውን የመጽሐፍ ቅዱሱን ሰው ታሪክ ስሰማ «ወይ ብልጠት!» እል የነበርሁ እኔ፣ ቆዳ እንኳ ሳያስፈልገኝ የሚስቴን ወሰድሁ።

ረቡዕ የኮላ ድባዋ የሙሽራ እናት መጣች። ካባውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ዝም አለች። ጥሩ ካባ መጀመሪያ ሰውን ዝም ያሰኛል፤ በሐቅ እንነጋገር ከተባለ፣ ሱሪ እንዲህ አያደርግም። የአንገቱን ሐረግ በጣቷ ጫፍ ተከተለችው።

«ምነው አያ፣ ይህ የሰው ሥራ ነው?» አለች። በዕድሜ የምታንሰኝ አትመስልም፤ «አያ» ማለቷን በሌላ ቀን አልምራትም ነበር። «ሸጋ ነው! እጅህን ቁርጥማት አይንካው!»

አፌ የለመደውን መንገድ ያውቃል። «አሜ...» ብሎ ጀመረ። የመጨረሻዋን ፊደል ግን ምላሴ ላይ ያዝኋት።

«እጅሽ በይ» አልኋት።

«ኧ?»

«እጅህ አይደለም። እጅሽ።»

ሁለት እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው። «የኔ እጅ ምን ሆነ? ታጥቤ ነው የነካሁት!»

«ያንቺን አላልሁም፤ የሷን ነው።»

«የማንን?»

«የጠላፊዋን።»

«ማን ተጠለፈ?» ብላ ብድግ አለች። ልጇን ልትድር ሳምንታት የቀሯት እናት ናት፤ ይህን ቃል እንደ ዋዛ አይነገራትም።

ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኋትና ከሥሩ ነገርኋት። ካባውን የጠለፈችው ሚስቴ ናት፤ እኔ ጠርዙን ነው የዘመዘምሁት። በዚህ ሱቅ የተነገረውን ምርቃት ሁሉ አሜን እያልሁ የተቀበልሁ እኔ ነኝ። አሁን ጣቶቿን ያማታል። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ከተናገርሁት ውስጥም አንድ የተጋነነ ነገር አልነበረበትም። ለዚያ ይመስለኛል ድምፄ የተንቀጠቀጠው፤ አልለመደውማ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ምርቃት ብቻህን በላኸው?» አለች።

«በላሁት።»

«ምነው! ምነው አያ!»

«እንግዲህ እጅሽ ብለሽ መርቂልኝ፤ ማታ ስገባ አደርስላታለሁ።»

«ምርቃት እህል ነው እንዴ በሰው የሚላከው? ደግሞ ባንተ? መንገድ ላይ ትበላዋለህ! ተነሥ፣ ቤትህን አሳየኝ።»

ባጃጅ ይዘን የቁስቋምን ዳገት ወጣን። ካባውን እንደ ታቦት በሁለት እጇ አቅፋለች፤ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ። ስንገባ ሚስቴ ሌላ ከፋይ ዘርግታ ነበር። እንግዳ ስታይ ያበጡ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

«አውጫቸው የኔ እመቤት» አለች ሴትዮዋ። «ለነሱ ነው የመጣሁ።»

የሚስቴን እጆች ተቀብላ በራሷ እጆች መካከል አደረገቻቸው። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። ዓይንሽ አይፍዘዝ። ክርሽ አይበጠስ። የልጅሽን የልጅ ልጅ ካባ ለመጥለፍ ያብቃሽ» ብላ እንትፍ እንትፍ አለችባቸው።

ሚስቴ ወደ እኔ ዞረች። ለዚያ ሰዓት ብዬ መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ቀልድ ነበረኝ፤ ጥሩ ቀልድ ነበር። ጠፋብኝ።

«አሜን» አለች፣ ቃሉን ገና የምትማረው ያህል ቀስ ብላ።

ሴትዮዋን ሸኝተን ስንመለስ፣ «መቼ ይነግራቸው ይሆን እያልሁ እጠብቅ ነበር» አለችኝ።

«ምነው ታዲያ ራስሽ ዝም አልሽ?»

«ሲያመሰግኑህ ውለው ማታ ስትገባ ፊትህ ሌላ ነው። ለኔ ጥልፉ ይበቃኛል አልሁ።» ጣቶቿን ከፈተች፣ ዘጋች። «አይበቃም ኖሯል።»

በቀጣዩ ቅዳሜ የካርቱኑን መጨረሻ አብረን አየን። ልጁ በአሥራ ሁለተኛው ክፍል አዛውንቱ ዘንድ ሄዶ፣ ሳህኑ የማን እንደሆነ ተናገረ። ልጄ እንደ ልማዷ አለቀሰች። እኔ ግን ረቡዕ ዕለት ቀድሜው ስለተናገርሁ በኩራት ደረቴን ነፋሁ፤ ጃፓንን በሦስት ቀን የቀደመ ልብስ ሰፊ ከእኔ በቀር ካለ ይምጣ።

የሚስቴ ጣቶች አሁንም ጠዋት ጠዋት ይከብዷታል። ክሩን በመርፌ የማስገባላት እኔ ነኝ፤ ቀለል ያለውን፣ የሐረጉን ውስጥ በክር የመሙላት ሥራም ሰጥታኛለች፤ ብቻ የጠለፍሁትን ከሥር ከሥሬ ትፈታዋለች። የጥር ካባዎች በጊዜያቸው አልቀው ወጥተዋል። በጎንደር ምድር እንደሷ የምትጠልፍ የለችም፤ ይህን ስል አላጋንንም፤ ሲያጋንኑ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።

ደንበኞቼ ደግሞ ሰዋስው ተምረዋል። ካባ ስዘረጋ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «እጅሽ ነው የሚባለው» እላቸዋለሁ። ነገሩ ከተማውን ሳያዳርስ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ አዲስ ሱሪያቸውን ለብሰው መስተዋት ፊት ቆሙ። ስፌቱን ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ ወደ እኔ፣ ወደ ባለ ጢሙ ሰውዬ ዞረው «እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ።

ሱሪው የእኔ ሥራ ነበር፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእኔ። ላርማቸው አፌን ከፈትሁ። ከዚያ «አሜን» አልሁና፣ መንገድ ላይ ሳልበላው ለሚስቴ አደረስሁላት።