እማዬ ኮክቴል የጠጣችበት ረቡዕ

እናቴ ከዚራ ሰፈር ካለው ትልቁ ሆቴል ባር ለመጀመሪያ ጊዜ የገባችው እኔን እንደ ዘበኛ አስከትላ ነው። ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የማትሪክ ውጤት የምጠብቅ፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የሚያሳክከኝ፣ አፌ ከእግሬ የሚቀድም ልጅ ነበርኩ። «እናት ልጇን ትጠብቅ ወይስ ልጅ እናቷን?» ብላት «ዝም ብለሽ ፀጉርሽን አበጥሪ» አለችኝ።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ ባር የምትታይ ሴት ሁለት ዓይነት ናት፤ ወይ የትልቅ ሰው ሚስት፣ ወይ የቡና ቤት ሴት። እማዬ ደግሞ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈራችን ለሷ ብሎ ሦስተኛ ዓይነት አይፈጥርም። ልጇን ይዛ ከሄደች ግን ወሬው በግማሽ ይቀንሳል። እኔ ወሬ መቀነሻ ነበርኩ።

የጋበዛት ሰው የባቡር ኮንትሮሎር ነው። ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ እየተመላለሰ ትኬት የሚበሳ፣ ተወልዶ ያደገው መጋላ ሰፈር፣ ሙስሊም፣ ሚስቱ በወሊድ የሞተችበት። እኛ ቤት መጀመሪያ የመጣው የዩኒፎርሙን ኪስ ሊያሰፋ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ ኪስ በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይሄን ኪስ በጥርስህ ነው እንዴ የምትቀደው?» አልኩት አንድ ቀን።

እማዬ በክርኗ ጎኔን ጎሰመችኝ። እሱ ግን ሳቀ። «አቦ! ይቺ ልጅ ኬላ ላይ ብትቀመጥ አንድ ኮንትሮባንድ አያልፍም።»

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተ እላለሁ፤ እሱም እንደዚያው። እማዬ ግን ከደጋ የመጣች ስለሆነች ያንን ኪስ ስትጠቅም ስትጥፍ እርስዎ እንዳለችው ነው። ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም። ረቡዕና አርብ ከሆነ ቴምር ወይም ብርቱካን፤ በሌላው ቀን የጅቡቲ አይብና ብስኩት። አንድም ቀን አያምታታም። የኛን ጾም ከኔ በላይ ያውቀዋል እያልኩ እስቅበት ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ ስተኩስ፣ ድምፁን ሳይቀንስ እንዲህ አላት፦

«ስሚኝ። አንቺ በሃይማኖትሽ፣ እኔ በሃይማኖቴ። የሥጋው ነገር ከሆነ ሁለት ድስት እንገዛለን። አግቢኝ።»

የስፌት መኪናው ዝም አለ። ካውያውን አንስቼ ቆሜ ቀረሁ። እማዬ «ላስብበት» አለች።

«አስቢበት። ረቡዕ ዕረፍት ነኝ። ያን ቀን በሆቴሉ በር ስናልፍ ያልሽውን አልረሳሁም፤ እዚያ ልውሰድሽ። እሺ ካልሽኝ ከዚያም በኋላ ሰው እያየን አብረን እንወጣለን። እምቢ ካልሽኝ ያቺ አንድ ማታ ትበቃኛለች። ሁለተኛ በራችሁን አላንኳኳም።»

ያለችውን እኔም ሰምቻለሁ። ሦስታችን ከለገሃር ስንመለስ፣ በሆቴሉ አትክልት ውስጥ አንዲት ሴት እግሩ ረጅም የሆነ ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣ አየን፤ ከመጠጡ ላይ ነጭ አረፋ እንደ ባዘቶ ተቆልሏል። እማዬ ቆመችና «እንዲህ ያለ ነገር ይዞ መቀመጥ ምን ይመስል ይሆን?» አለች፤ ወዲያው አፍራ መንገዷን ቀጠለች። እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።

በዚያ ሳምንት እማዬ ለራሷ ቀሚስ ሰፋች። ለራሷ ስትሰፋ ያየኋት ያኔ ነው። ጨርቁ ሰማያዊ የጅቡቲ ሐር፣ አንገቱ እስከ ጉሮሮ የሚዘጋ። «ምነው እንዲህ አነቅሽው?» ስላት «ባር ነው፤ ደረቴን ሊያዩ ነው?» አለችኝ።

«እሺ ልትይው ነው?» እኔ ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «እኔን ሁለቱ ድስት አያስፈራኝም። ዛሬ እሳቸው እንዳይከፋቸው ብዬ አንድ ነገሬን እደብቃለሁ። ነገ ሌላ። ኋላ ሰው ሲያየኝ ማን እንደሆንኩ ባያውቀኝስ? እኔስ ራሴ ብረሳው?»

«ደሞ ረቡዕ ጾም ነው» አልኳት።

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መጠጥ ማን ከለከለ? ኮክቴል ውስጥ ሥጋ አለ እንዴ?»

ሰዓት እላፊ ስለነበረ የዚያ ዘመን ዘናጭ ማታ የሚጀምረው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሰው ሽቶውን ተቀብቶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ ዓይኑን ከፀሐይ እየጋረደ ወደ ማታው ይሄዳል። ከሰፈራችን ከቀፊራ ጋሪ ይዘን ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ከዚራ ዛፎች ሥር ስንገባ ሙቀቱ ትከሻችንን ለቀቀን። እማዬ እስከዚያ ድረስ በነጠላ ተከናንባ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ነጠላውን አጥፋ ሰጠችኝና «ያዢልኝ» አለች። ከውስጡ የማላውቃት ሴት ወጣች። አንገቷ እንዲህ ረጅም መሆኑን ማን ነግሮኝ?

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ክራቫት አስሯል። ኪሱ ደህና ነበር።

ባሩ ከአትክልቱ ጋር በሰፊ በረንዳ ይገናኛል። ቀያይ የወረቀት ፋኖሶች፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ጣሪያው ላይ ሥራ የፈታ የሚመስል ማራገቢያ። ከባንኮኒው ኋላ በመስታወት ፊት የውጭ መጠጥ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ዕቃ ከውጭ አይገባም፤ ጠርሙሱ ግን ያምራልና ማን ይጥለዋል? ጥግ ላይ ከሁርሶ ጦር ሰፈር የመጡ መኮንኖች ከሚስቶቻቸው ጋር ተቀምጠዋል። አንደኛው እማዬን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ቀጥሎ እኔን፤ ከዚያ ወደ ቢራው ተመለሰ። እዚያው ላይ የመጣሁበትን ሥራ ጨረስኩ።

ባርማኑ ነጭ ኮት የለበሰ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ኮንትሮሎሩ ከወንበሩ ከፍ ብሎ ጠራውና እንደ ልጅ እየቸኮለ አዘዘ። «ለእመቤቷ ያንን ነጭ አረፋ ያለውን፤ እግር ባለው ብርጭቆ። ለልጅቱ የፈለገችውን። ለኔ እንደ ሁልጊዜው የሁመር ጭማቂ።»

«ጣዕሙ እንዴት ነው?» ብላ እማዬ ጠየቀችው።

«ወላሂ አላውቅም። ጠጥቼ አላውቅ። ከሩቅ ግን በጣም ያምራል።»

እማዬ ከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እኔ ቀይ ነገር አዘዝኩ፤ መጣ፤ የሳል ሽሮፕ ነው። ሁለቱ የጠረጴዛውን ልብስ ይዳብሳሉ። መሐላቸው መቀመጥ አላስቻለኝምና ተነስቼ ወደ ባንኮኒው ሄድኩ። ባርማኑ ጂን ቀዳ፣ ሎሚ ጨመቀ፣ ስኳር ጨመረ። ቀጥሎ እንቁላል አንስቶ በብርጭቆ ጠርዝ ሰበረና አስኳሉን ከቅርፊት ወደ ቅርፊት እያገላበጠ ነጩን ብቻ ለቀቀው። በብረት ጣሳ ከድኖ ሲንጠው እጁ አይታይም። ደስ ሲል! የሚሠራው ለመኮንኖቹ ሚስቶች መስሎኝ በቅናት አየሁት። ከመኮንኖቹ ጠረጴዛ ሳቅ ሲነሳ ዞር አልኩ፤ ፊቴን ስመልስ መጠጡ ከነትሪው የለም። በረንዳው ላይ እማዬ ብርጭቆውን በሁለት ጣቷ ይዛዋለች።

ስደርስ አጋምሳዋለች። ላይኛው ከንፈሯ ላይ ነጭ አረፋ ቀርቷል። እሱ መጠጡን ረስቶ ያንን አረፋ ያያል። የእናቴን ፊት ሰው እንደዚያ ሲያየው አይቼ አላውቅም፤ አባቴ ሲሞት ትንሽ ስለነበርኩ የሱን አላስታውስም። ብልጥ ልጅ ብሆን ዝም እል ነበር።

«እማዬ፣ እንቁላል ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«አረፋው። ሲሰብረው አይቻለሁ።»

ብርጭቆውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ከንፈሯን በመሐረቧ ጠረገችና መሐረቡን አየችው። እናቴ ታማ አልጋ ይዛ እንኳ ጾም ገድፋ አታውቅም።

እሱ ተነስቶ ቆመ። ፊቱ የተመታ ሰው ይመስላል። «ወላሂ አላወቅሁም። እኔ… ረቡዕሽን ከራሴ ጁምዓ በላይ የምቆጥር ሰው! ሎሚ ነው ያልኩት። የሎሚ አረፋ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በቃ፣ መልስሽ ይሄ ነው። ላድርሳችሁ» አለ።

እማዬ ነጠላዋን ከእጄ ለመውሰድ እጇን ዘረጋች። አልሰጠኋትም፤ ጀርባዬ ላይ ደበቅሁት።

ባርማኑ ሰው ቆሞ ሲያይ መጥቶ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እመቤቴ፣ በሞትኩት! ጾመኛ መሆንዎን መቼ አወቅሁ? እኔ እኮ ረቡዕና አርብ አንገት ሳላይ እንቁላል አልሰብርም። ማተብ ካየሁ ያለ እንቁላል ነው የምሠራው። ከሱ ጋር ሲመጡ፣ አንገትዎም እንዲህ ተሸፍኖ ሳይ፣ የመጋላ ዘመዱ መስለውኝ ነው።»

«የመጋላ ዘመዱ ጂን ታዛለች?» አልኩት።

«ልጄ፣ በዚህ ዘመን ስንቱን አየሁ፤ መጠየቅ ትቻለሁ።»

እማዬ እጇን ከኔ መልሳ ጉሮሮዋ ላይ አደረገች፤ ራሷ የሰፋችው አንገትጌ ላይ። ያን ጊዜ ማሰብ የጀመረች መሰለኝ። ከዚያ የላይኛውን ቁልፍ ፈታች፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ጥቁሩን ክር ከነመስቀሉ ስባ አወጣችና በሰማያዊው ሐር ላይ አሳረፈችው። መኮንኖቹ ያያሉ። እሷ ግን የምታየው እሱን ብቻ ነው፤ ፊቱን፣ ዓይኑን፣ ምን እንደሚል።

እሱ ቀና ብሎ አየው። «ይሄውልሽ፣» አለ ቆጣ ብሎ፣ «ይሄ ቢታይ ኖሮ አንሳሳትም ነበር። ለምን ደበቅሽው? እኔ ደብቂ አልኩሽ?»

«አላሉኝም» አለች እማዬ።

«እንደሱ ይሁን። ደሞ ከቀሚሱ ጋር ያምራል።»

ባርማኑ ብርጭቆውን አንስቶ ሄደ። ኮንትሮሎሩ አሁንም ቆሟል፤ መቀመጥ ይፈቀድለት እንደሆነ አያውቅም። ሁመሩን በጣቱ ወደ እማዬ ገፋ አደረገው። «ይሄ ጾም አይሽርም። ፍሬ ነው።»

እማዬ አንስታ ጎነጨች፤ ጎምዝዟት አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «እንቁላሉን ለንስሐ አባቴ እኔው እናገራለሁ፤ ስግደቱም የኔ ነው። እርስዎ ይቀመጡ።» ብርጭቆውን መለሰችለት። «ያ መጠጥ ግን እውነት ለመናገር ጥሩ ነበር። ሌላ ጊዜ ማክሰኞ ያመጡኛል።»

«ማክሰኞማ ባቡር ላይ ነኝ፤ ከጅቡቲ የምመለስበት ቀን…» አለና አቆመ። ወንበሩን ሳያይ ተቀመጠ።

«እንግዲያው ሐሙስ» አለች።

የባቡር ጡሩንባ ከለገሃር በኩል ተነፋ። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሂሳብ የሚጠራው ሰው በዛ፤ ሚስቶች ሻርፓቸውን ያነሳሉ፣ ባርማኑ ጣሳዎቹን ያጥባል። ስንወጣ ነጠላዋን ልሰጣት ብል «ያዢው፣ ይሞቀኛል» አለችና በከዚራ መንገድ መሐል ለመሐል ሄደች፤ ማተቧ ደረቷ ላይ፣ ፊቷን ገልጣ። ሁለት የሰፈራችን ሴቶች ከፊት ለፊት መጡ። «እንደምን አመሻችሁ» አለቻቸው፤ ቀድማ።

እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

«ሐሙስ ነው ያለችው? ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሐሙስ ፍስክ ነው አይደል? አደራሽን፣ አታሳስቺኝ።»

«ፍስክ ነው» አልኩት።