የሸክሜ ቅጠል

እንጨት ሰርቄ አላውቅም። ከታቦት ደንማ የወደቀ ጭራሮ እንኳ አንስቼ አላውቅም። ይህን ዛሬም በንዴት ነው የምጽፈው። ያልሠራሁትን ኃጢአት ያሸከመኝ አንድ ፎቶ ነው።

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከጓሯችን የቆረጥኩትን ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ ተሸክሜ፣ ልሸጥ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ እየሄድኩ ነበር። ከደብራችን ደጅ ስደርስ አንድ የጣሊያን መኮንን ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ቤተ ክርስቲያኑን ከከበበው ደን ውስጥ ተክሎ ቆሟል። አስተርጓሚው ጠራኝና ጌታው ደኑን ፎቶ እንደሚያነሣ፣ ሰው ከነሸክሙ ከዛፉ ሥር ቢቆምለት እንደሚያምርለት ነገረኝ። እንጨት ተሸክሞ እዚያ መታየት ነውር ነው አልኩት። ሸክሜን ከበሩ ላውርድና ባዶዬን ልቁምለት ብዬ ለመንኩ። ያለ ሸክሙ አትፈለጊም አለኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ከኋላዬ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ነበር፤ ገባሁ።

ከትልቁ ወይራ ሥር አቆሙኝ። ፀሐይዋ ገና ከጽዱ ጀርባ ነበረች። በቅርንጫፎቹ መሀል ሾልካ እላዬ ላይ እስክታርፍ ይጠበቃል ተባለ። ገመዱ ትከሻዬን ይከረክረዋል፤ እሱ ከጥቁር ጨርቁ ሥር ገባ ወጣ ይላል። ደመና በመጣ ቁጥር እንደገና ጥበቃ። ለብርሃን እንዲያ የሚጨነቅ ሰው ለእኔ ትከሻ ትንሽ ቢያዝን ምን ነበረበት? በመጨረሻ ብርሃኑ ወረደ፣ ካሜራው ቀጭ አለ፣ ሂጂ አሉኝ።

ያ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ደብረ ማርቆስ ካለ የጣሊያን ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቀለ። ገበያ የወጣ ሁሉ አየው። የታቦት ደን፣ እኔ፣ የእንጨት ሸክም። ከዚህ ወዲያ ምን ምስክር ይፈለጋል? የቅርብ ጎረቤቴ ሳትቀር ውኃ ስንቀዳ ፊቷን ታዞርብኝ ጀመር። እሱንስ ቻልኩት። ፍልሰታ ገብቶ ልቆርብ ስዘጋጅ ግን የነፍስ አባቴ ከለከሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እሳቸው ሰው ይዋሻል፣ ፎቶ ግን አይዋሽም ብለው ንስሐ ግቢ አሉኝ። ባልሰረቅኩት! ደሜ ፈላ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ በቁሜ ሊቀበር ነው?

ከእግራቸው ሥር ወድቄ፣ አንድ ጊዜ ከሱቁ ፊት ይቁሙልኝ ብዬ ለመንኳቸው። በገበያ ቀን መጡልኝ። ሸክሜን በጣቴ እያሳየሁ ቅጠሉን ይዩልኝ አልኳቸው። ያ ጣሊያን ሲጠብቀው የዋለው ብርሃን ቅጠሉን አንድ በአንድ አውጥቶታል፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። በደብራችን ደን ወይራና ጽድ፣ ኮሶና ዋንዛ እንጂ አንድም ባሕር ዛፍ እንደሌለ እዚያው ሲቀድሱ ያረጁት እሳቸው ያውቃሉ።

ወደ መስተዋቱ ተጠግተው ቅጠሉን አተኩረው አዩ። ከዚያ መስቀላቸውን አወጡና «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ፤ እሑድ ቁረቢ» አሉኝ።

መስቀሉን ተሳለምኩ፤ እሱ የአምላክ ነው። ከዚያ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ኃጢአቴን ሲሰሙ ኖረዋል። አንዱንም ደብቄዎት አላውቅም። ዛሬ ያመኑት ግን ቅጠሉን ነው።»