ምራን ማን ናት?

ባሌ አበባው ከሠርግ ካርድ እስከ ሙት ዓመት ባነር፣ ወደ ኅትመት ሱቃችን የመጣን ጽሑፍ ሳይመረምር አያትምም። በሰባት ዓመቱ ከገበሬ ቤት ወጥቶ የቆሎ ተማሪ የሆነ፣ ቅኔ ቤትም አራት ዓመት የቆየ ሰው ነው። እሱ ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ትምህርቱ ግን እሱን ጨርሶታል። ግጥም ሁሉ የተሰወረ ምሥጢር አለው ባይ ነው፤ ሽሮ አርሮ ቢቀርብለት እንኳ ምሥጢር ይፈልግለታል። ማሽኑን የማንቀሳቅሰው እኔ ሕሊና ነኝ፤ ደንበኛው ሲቆጣም የምሰደበው እኔው ነኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ወንጌላዊት የምትባል ልጅ የአባቷን ፎቶ ይዛ መጣች። አባቷ አቶ አንሙት ደብረ ኤልያስ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ እሑድ ሙት ዓመታቸው ነው። እሷ ለትምህርት ብላ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እዚሁ ማርቆስ አክስቷ ዘንድ አድጋ፣ አሁን መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ እያረሱ ሲያንጎራጉሩ በስልኳ ቀድታቸው ኖሮ፣ ግጥሙን ከፎቶው ሥር እንድናትምላት ፈለገች። እንዲህ ይላል፦

ሞፈሩ የእኔ ነው፣ ቀንበሩ የአባቴ፣
ምራኔ ባትኖሪ ይፈርስ ነበር ቤቴ።
ዝናብ መትቶሽ ላልተሽ፣ ፀሐይ ወጥቶ ከርረሽ፣
ስንቱን ዘመን ቻልሽው ሁለት እንጨት ይዘሽ።

ካነበበች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሽ አበባው፣ የእናቴ ስም ሥራነሽ ነው። ምራን ማን ናት?"

ነገሩ ገባኝ። አባቷ ሌላ ሴት ኖሯቸው ከሆነ፣ ያቺን ሴት በትልቁ አትማ እናቷ ፊት ልትሰቅል ነው። እናቷን እንዳትጠይቅ ቁስል መነካካት ሆነባት፤ ግጥሙን እንዳትተወው ደግሞ ከአባቷ ድምፅ የቀራት ያው ብቻ ነው።

"ሌላ ሴት አይደለችም ልጄ" አለ አበባው፣ ዓይኑ እያበራ። "ሁለት እንጨት ያለው መስቀሉን ነው። ምራን አንዲት ቅድስት መሆን አለባት። እስከ ዓርብ ታገሺኝ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ስንክሳር ሲያገላብጥ ከረመ። የሠርግ ካርድ ያዘዙ ሰዎች በር ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ፣ እሱ ቅድስት ይፈልጋል። እውነቱን ለመናገር እኔንም ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፤ ወረቀት በቆረጥኩ ቁጥር ግጥሙን እደግመዋለሁ።

ዓርብ ወንጌላዊት ስትመጣ አበባው አሁንም ከመጽሐፉ ቀና አላለም። ትዕግሥቴ አለቀ።

"አንተ ሰውዬ፣ ቅድስት ዝናብ ሲመታት ትላላለች እንዴ?"

ሊመልስልኝ ከመጽሐፉ ቀና አለ። "ከበሮ" አለ።

"ምን?"

"የከበሮ ቆዳ። ክረምት ላይ እርጥበት ሲገባው ይላላና ድምፁ ይሞታል። ፀሐይ ስትወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ወዲያው ይከርርልናል።" መጽሐፉን ከደነው። "ቆዳ ናት! ቆዳ ሆና ሁለት እንጨት የምትይዝ።"

"ሁለቱ እንጨቶችማ እላይ ተጠርተዋል" አለች ወንጌላዊት ቀስ ብላ። "ሞፈርና ቀንበር። በምንድን ነው የሚያያዙት?"

ሦስታችንም ተያየን። በየቀኑ እንጀራ እንበላለን፤ ሞፈርና ቀንበር በምን እንደሚያያዝ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጠፋ። አፈርኩ።

ሱቁን ዘግተን ወደ ገበያ ወረድን። የእርሻ ዕቃ ከሚሸጡት አንዱን ወንጌላዊት "ምራን አለ?" ስትለው፣ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ከተሰቀለው መሃል አንድ ጠንካራ የቆዳ ጠፍር አውርዶ ሰጣት። "የበሬ ቆዳ ነው፤ ሞፈሩን ከቀንበሩ አጥብቆ ይይዝልሻል። ስንት ጥማድ አላችሁ?"

እሷ ግን ጠፍሩን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች።

"አባቴና የእሱ አባት በአንድ ግቢ እየኖሩ ለዓመታት ተኳርፈው ነበር" አለችን። "የአንዱን ቃል ለሌላው የምታደርሰው እናቴ ነበረች። ሁለቱም ይቆጧታል፤ ሁለቱም ያለሷ አይበሉም።"

እኔም አለቀስኩ፤ አልዋሽም። አበባውም የዚያን ቀን ሌላ ምሥጢር አልፈለገም።

ቅዳሜ ባነሩን ሊወስዱ ከልጃቸው ጋር የመጡት እናትየዋ ወይዘሮ ሥራነሽ ራሳቸው ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸውና ግጥሙን አነበብኩላቸው። ቃሉ ላይ ስደርስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አደረጉ።

"እንዲህ ብሎ ነበር የሚጠራኝ" አሉ። ቀጥለውም፣ "ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ ያለሁበት የቱ ጋ ነው?"

ጣታቸውን ይዤ "ምራኔ" የሚለው ላይ አኖርኩላቸው። ወንጌላዊት ባነሩን ልትጠቀልል ስታነሳ ያዝ አደረጓት።

"ቆይ" አሉ፣ "እጄ ይልመዳት። ብቻዬን ስሆን እንዳላጣት።"