የረፊቅ ጨጓራ

መቭሊዳ በዚያች በአዮዋ በቆሎ መሀል ባለች ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመት ሆኗታል። በስሟ የሚጠራት ባሏ ረፊቅ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ሚሊ ይላታል። ሥራ በጀመረችበት ሳምንት አለቃዋ ስሟን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ምላሱ እምቢ ሲለው፣ «ሚሊ እንበልሽና ይቅለለን» አላት። እሷም ሳቀች፤ በዚያው ቀረ።

ፀጉሯ ቢጫ፣ ዓይኗ ሰማያዊ ነው። ከቦስኒያ ጦርነት ሸሽተው እንደመጡ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የሚያምኑትን ግን የጠየቃቸው አልነበረም። ለኢድ ለባብሰው አርባ ደቂቃ ርቆ ወዳለው መስጊድ ሲሄዱ ያየ ሰው፣ ሠርግ የተጠሩ ይመስለዋል።

ጎረቤታቸው ሎርና ገና በገቡበት ቀን ነበር ሳህን ይዛ የመጣችው። ድንች ነው፣ በላዩ የአሳማ ሥጋ ተከትፎበታል። ረፊቅ ያን ጊዜ ሃያ የእንግሊዝኛ ቃል አያውቅም። ሴትዮዋን ላለማስቀየም መላ ቢያጣ፣ መዳፉን ሆዱ ላይ አድርጎ ፊቱን አጨማደደ።

«ውይ! ጨጓራ ነው?» አለች ሎርና።

ረፊቅ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሎርና ምግብ አሳማ አልነካውም። በቤተ ክርስቲያኗ ግብዣ ላይ እንኳ አንድ ሳህን ለብቻ እየለየች፣ «ይሄን እንዳትነኩ፣ የረፊቅ ነው፤ ጨጓራው አይችልም» ትላለች። መቭሊዳም የሎርናን ሳህን ባዶውን መልሳ አታውቅም። እናቷ ያሳደገቻት እንዲያ ነው፤ የጎረቤት ሳህን ባዶ አይመለስም። ወይ ባቅላባ ወይ አይብ የተጠቀለለበት ቂጣ ይዞ ይሄዳል።

«እውነቱን ንገራት እንጂ» ትለዋለች አንዳንዴ።

«ሃያ ዓመት የታመመ ጨጓራ አሁን በምን አሳብቤ ይዳን?» ይላል ረፊቅ።

ዘንድሮ በጸደይ እውነትም ጨጓራው ታመመ። ሐኪሙ ካንሰር መሆኑንና የቀሩት ሳምንታት እንደሆኑ ሲነግራቸው ረፊቅ ወደ ሚስቱ ዞረ። «አየሽ፣ ሎርና ቀድማ አውቃው ነበር» አላት።

የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመስጊዱ ሰዎች፣ ሠላሳ ቤተሰብ ቢሆኑ ነው፣ ከዚህችው ከተማ ዳር ለመቃብር የሚሆን መሬት ገዝተዋል። የመቭሊዳ አውቶቡስ ጠዋትና ማታ በዚያ ያልፋል። «እዚያ አስቀምጪኝ። ስታልፊ ክላክስ ታደርጊልኛለሽ» ይላታል። የቀረው የወረዳው ፈቃድ ነበር። ስብሰባው ለማክሰኞ ተቀጥሯል።

ቅዳሜ ጠዋት ሎርና ክዳን ባለው ሳህኗ ሾርባ ይዛ መጣች።

«ተኛ?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አሁን ገና ሸለብ አደረገው።»

«ይተኛ፣ ይተኛ። የዶሮ ነው፣ አይከብደውም።» ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከብብቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «አንድ ፊርማ ስጪኝና ልሂድልሽ።»

«የምን ፊርማ?»

«ያ አውቶቡስሽ የሚያልፍበት መሬት የለም? እስላሞች ገዝተውት መቃብር ሊያደርጉት ነው። ሬሳቸውን ያለ ሳጥን ነው አሉ፣ እንዲሁ በጨርቅ ጠቅልለው የሚከቱት! እኛ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ጠጪዎች ነን።»

መቭሊዳ መጀመሪያ በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ እንኳ እንግሊዝኛው አልፎ አልፎ ያመልጣታል። አሁንም ያመለጣት ቢሆን ወደደች።

«እነማን አልሽ?»

«እስላሞች! ዛሬ መቃብር፣ ነገ ደግሞ ምን እንደሚያመጡብን ማን ያውቃል? ለአንቺ ምን እነግርሻለሁ፣ ከእነሱ አይደል ሸሽታችሁ የመጣችሁት!»

መቭሊዳ ወረቀቱን ተቀበለች። አርባ አንድ ስም አለበት። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ልጆቻቸውን በምታነሳበት ተራ ታውቃቸዋለች። ሁልጊዜ በሌሊት ልብሷ ወጥታ እጇን የምታውለበልብላት እናት አለች። ትናንት የረፊቅን መድኃኒት የሰጣት ፋርማሲስት አለ። ሚሊ ብሎ ስም ያወጣላት አለቃዋም አለ። ከሁሉ በላይ፣ አንደኛ ላይ፣ ያ ክብ ክብ ጽሕፈት አለ፤ ሎርና ጽፋ ከሰጠቻት፣ በፍሪጇ በር ላይ ከተለጠፈው የኬክ አሠራር ጋር አንድ እጅ ነው።

«ይኸው እስክሪብቶ» አለች ሎርና።

«ሎርና፣ ጨጓራው አልነበረም።»

«ምኑ?»

«ያን ጊዜ። አሳማውን ያልበላው ጨጓራውን ታሞ አይደለም። እስላም ስለሆነ ነው። እኔም ነኝ።»

ሎርና ሳቅ አለች፣ ከዚያ ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። የመቭሊዳን ፀጉር ዛሬ ገና እንዳየችው ሁሉ ትክ ብላ አየችው።

«ቀልድሽን ነው።»

«እዚያ የሚቀበረው ረፊቅ ነው። በጨርቅ።»

የሎርና ፊት እስከ አንገቷ ቀላ። «ሚሊ... እናንተን ማለቴ እኮ አይደለም። እናንተ እንደነሱ አይደላችሁም።»

«እነሱ እንዴት ናቸው?»

ሎርና ወረቀቱን ከመቭሊዳ እጅ መልሳ ወሰደች። በዚህ መሀል ከጓዳ የረፊቅ ድምፅ ተሰማ፤ ደክሟል፣ ግን ደስ ብሎታል። «ሎርና ናት? ጨጓራዬ ሰላም ብሎሻል በያት!»

ሎርና ወረቀቷን ይዛ ወጣች። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ማክሰኞ ወረቀቱ በስብሰባው ላይ ቀረበ። የመጀመሪያው መስመር ተሰርዟል፤ አርባው እንዳለ ነው። መቭሊዳ ተነሥታ፣ «ልጆቻችሁን የማመላልሰው እኔ ነኝ። ባሌ ነው የሚቀበረው» አለች። ሰብሳቢው፣ «ሚሊ፣ በአንቺ ላይ እኮ ምንም የለንም» አላት። ሌላ የሚናገር ካለ ብሎ ሲጠይቅ መቭሊዳ ዞራ አየች። ሎርና መጨረሻው ረድፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗን ከቦርሳዋ ቁልፍ አላነሳችም። ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለሦስት ሆኖ ፈቃዱ ተከለከለ።

ረፊቅ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። የተቀበረው የሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ መንገድ ርቆ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት ከተማ ነው። መቭሊዳ ከቀብር ስትመለስ የሎርና ሳህን ደጃፉ ላይ ነበር። «አሳማ የለበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሰኞ መቭሊዳ ሥራ ገባች። በዚያ ሜዳ አጠገብ ስታልፍ እጇ ሳታዘው ወደ ክላክሱ ሄደ። መለሰችው። ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ይንጫጫሉ።

ከሰዓት በኋላ ሳህኑን አጥባ፣ አድርቃ፣ ከነክዳኑ ይዛ የሎርናን በር አንኳኳች።

«ሚሊ፣ ግቢ እንጂ። ምነው መድከምሽ!» አለች ሎርና፣ እንደ ዱሮው ሳህኑን በሁለት እጇ እየተቀበለች። ክብደቱን ጠብቃ ኖሮ እጇ ወደ ላይ ነጠረ። ክዳኑን ከፍታ አየች።

መቭሊዳ ደረጃውን ወርዳ ነበር።