በጠመንጃው ቀኝና ግራ

አባቴ መሃል ነበር፤ ከበቆሎው ማሳ ጫፍ፣ ጠመንጃውን ይዞ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ ገደል አዙሮ። ከቢላ ከተማ በበቅሎ የመጣው ታላቅ ወንድሙ በስተቀኙ፣ ከአፈሙዙ ጎን፣ በወጣለት ወንበር ላይ ተቀምጧል። አባቴ ከከተማ ያመጣው መካኒክ ከሁላችንም ኋላ ቆሟል። እናቴ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነች ከእርሱ አጠገብ ናት። እኔ በአባቴ ግራ ነበርኩ፤ ማማው ላይም ቦታዬ በዚያ በኩል ነበር።

በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የምንጠብቅበት ማማ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ብቻ የሚይዝ ነበር። አባቴ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው የምወጣው እኔ ነበርኩ። እኔ በወንጭፍ፣ እርሱ በጠመንጃ። እሸት ጠብሶ ግማሹን ሲያቀብለኝ ዓይኑን ከማሳው አያነሳም ነበር። ብዙም አናወራም። ዛሬ ማሳው በሙሉ ቤት ተሠርቶበታል፤ በነቀምቴ በኩል ሳልፍ ማማው የቆመበትን ቦታ በግምት እንጂ በትክክል ማሳየት አልችልም።

በዚያ ዓመት አባቴ ከበቅሎ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ወጌሻ ጠግኖት እጁ ሠራ፤ የጠመንጃውን ርግጫ ግን ትከሻው አልቻለውም። ጠመንጃው የአያታችን ነበር። በእኛ ቤት የሚይዘው የሚተኩስበት ሰው ነው እንጂ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ስለዚህ ነው አጎቴ የመጣው።

«መተኮስ ከቻልክ እዚሁ ይቅርልህ። ካልቻልክ ይዤው እመለሳለሁ» አለው።

አባቴ ከተማ ወርዶ መካኒኩን ይዞት መጣ። መካኒኩ ከሸዋ የመጣ፣ ቀድሞ በጦር ሠራዊት መሣሪያ ይጠግን የነበረ ሰው ነው። ጎንና ጎኑ የተሸነቆረ አጭር ብረት ሠርቶ ኖሮ አፈሙዙ ላይ አጠለቀው። የባሩዱ ግፊት በጎን ሲወጣ ወደ ትከሻ የሚመለሰው ይቀንሳል አለ።

መጀመሪያ ያለ ሰው ተሞከረ። ጠመንጃውን ባላ ላይ አጋድመው፣ ሰደፉን ጉቶ ላይ በተለጠፈ ጭቃ አስደግፈው፣ ሁላችንም ከጉቶው ኋላ ሆነን ምላጩን በገመድ ሳቡት። ጭቃውን ለወጥ ቤቱ ግድግዳ ከጭድ ጋር የረገጥነው እናቴና እኔ ነበርን። ያለ ብረቱ ሲተኮስ ሰደፉ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፤ እናቴ ጣቶቿን ከትታ ለካችው። ጭቃውን አድሳ ከለጠፈችው በኋላ ከብረቱ ጋር ተተኮሰ። ጉድጓዱ ጥፍሯን እንኳ አልሸፈነም።

«ይኼማ የሕፃን ርግጫ ነው» አለች።

«ጭቃ መቼ አመመኝ ይላል?» አለ አጎቴ። «ባለቤቱ ይተኩስ።»

መካኒኩ «ጋሼ፣ እርስዎ ወደ ኋላ ይበሉ» አለው።

«እኔ? ከታናሼ ጀርባ? ወንበሬን እዚህ አምጡት።»

በአገራችን ታላቅ ሰው በቀኝ ይቀመጣል፣ ከሰው ጀርባ አይደረግም። ወንበሩን ያመጣችለት እናቴ ናት። እኔም ሳላስበው የለመድኩትን ቦታ ያዝኩ። አባቴ ሰደፉን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ምላጩን ሳበ።

ቀኝ ጉንጬን በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። የአጎቴ ባርኔጣ በቆሎው ውስጥ ገባ፤ ጢሙ አፈር ለብሷል። አባቴ ክንዱን ቀስ ብሎ አዞረው፣ ደግሞ አዞረው።

«አመመዎት?» አለች እናቴ።

«አላመመኝም።»

አጎቴ ጆሮው ስለደነቆረ ይጮህ ነበር። «ርግጫው ጠፋ ትላላችሁ እንዴ? እኔ ጋ ነው የመጣው!»

እናቴ ሳቋን በእጇ ልትሸፍን ብላ ፊቷን ጭቃ በጭቃ አደረገችው። አባቴም ሳቀ፤ ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ጠመንጃው እዚሁ ይቅር» አለ አጎቴ ባርኔጣውን እያራገፈ። «ብቻ ጎንህ ሰው አታስቀምጥ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮዬን ይዤ ስለነበር እጄን አወረድኩ።

«ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አልኩት። ጥያቄውን ያወቅሁት ግን ከከንፈሩ ነበር።

«ማማው ላይ ልጅቱ ከኋላዎ ትቀመጥ» አለ መካኒኩ።

«ከኋላ መሰላሉ ነው፤ መቀመጫ የለም» አለ አባቴ። ማማውን ትንሽ አየው። ከዚያ ጠጋ ብሎ በግራ ጆሮዬ «ኢንታላ ኮ፣ የእኔ ልጅ፣ ወንጭፍሽን ከማማው አውርጂ። ጆሮሽ ለትምህርትሽ ይሁን» አለኝ።

መሰላሉን ወጣሁ። ወንጭፌንና የምቀመጥበትን አጎዛ አወረድኩ። የተረፈውን ጭቃ ተሸክሜ በማሳው መሃል ወደ ቤት ሄድኩ።