የቬርሎን ቲግ ጉልበት

ጡረታ የወጣው የቧንቧ ሠራተኛ ቬርሎን ቲግ ወረቀት አያምንም። የሚኖርባት ትንሽ የካሊፎርኒያ ከተማ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች በብድር ገንዘብ እንዲገነቡ ድምፅ ሲሰጥ፣ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ያለ ክፍያ የሚከታተል የነዋሪዎች ኮሚቴ ተቋቋመ። ቬርሎንም ገባበት። ሌሎቹ ፎቶ አይተው ሲፈርሙ እሱ "በእጄ ሳልነካው አልፈርምም!" ብሎ ድርቅ ይላል።

አዲሱን መዋዕለ ሕፃናት ሊጎበኙ የሄዱ ዕለት፣ ቬርሎን ግድግዳው ላይ የተገጠመው የልጆች የውሃ መጠጫ ቧንቧ ፊት ሲደርስ ድንገት ተንበረከከ።

"ምነው፣ አመመዎት እንዴ?" አለች የግንባታ ኃላፊዋ ሎሬታ ደንግጣ።

"ኧረ የአምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው!" አንገቱን ቢያሰግግም አፉ ውሃው ጋ አልደረሰም።

"ሚስተር ቲግ፣ ኮሚቴው እኮ አይቶ ሪፖርት ያደርጋል እንጂ አያዝም።"

"ማን አዘዘ? እያየሁ ነው። ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አንቺም ከዚህ ሆነሽ እይው።"

ሎሬታ ሳቋ አመለጣት፤ ከነሱፏ አጠገቡ ተንበረከከች። እሷም አልደረሰችም።

በሳምንቱ መጠጫው ዝቅ ተደርጎ ተገጠመ። ቬርሎን በጠራራ ፀሐይ ሊፈትሸው ሄደ። ከተንበረከከበት ቀን ወዲህ ግን ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል፤ ወደ መጠጫው ዝቅ ማለት አልቻለም። በእጁ ነካ አደረገውና ፈረመ፤ ውሃ እንደጠማው፣ እያፏጨ ወደ ቤቱ ሄደ።