ወጤን ሳይቀምሱ አብረውኝ የበሉ ሽማግሌ

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ፋሲካ አለፈ! ያን የኮቸሬውን ግን እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

የመሬት ልኬት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ሰንሰለት ጎታች። ከፍስሐ ገነት ወጣ ብሎ ድንኳን ተክለን ነበር። አለቃችንና ጓደኞቼ ለበዓሉ ዲላ ሲወርዱ፣ መሣሪያውን እንድጠብቅ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ዕድሌ መቼ ቀንቶኝ ያውቃል!

ሁለት ወር ሙሉ ከመንደሩ ሰው ጋር ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። የእኛ መምጣት ግብር ሊጨመር፣ ወይም መሬት ሊነጠቅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አልፈርድባቸውም። ግን ጾሜን ጨርሼ በበዓል ብቻዬን መብላት ሞት መሰለኝ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አብሮኝ እንዲቀመጥ ፈለግሁ።

እንግዲያው አላፊውን የሚያስቆም ወጥ ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። ያገሬ ሰዎች ሽንኩርት ሳቁላላ ቢያዩኝ ጉድ ይሉ ነበር፤ ድንኳን ውስጥ የከረመ ወንድ ግን ሁሉን ይለምዳል። ድስቴን በሦስት ድንጋይ ላይ ጣድኩ። እንጨቱ ርሶ ዓይኔን በጭስ አጠፋው። ሽንኩርቱን አብስዬ፣ በርበሬውን ሳልቸኩል አቁላልቼ፣ ቅቤ ጨምሬ ዶሮዋን ከተትኩ። ዳቦውን በኮባ ጠቅልዬ ከሥርም ከላይም ፍም አደረግሁበት። ሰባት ሰዓት ላይ ሽታው መንገዱን ሞላው።

የሚያልፈውን ሁሉ ኑ እንብላ አልኩ። ባልና ሚስት አመስግነው ሄዱ። አንድ ሰውዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሌላው እንዳልሰማ ሆነ። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ። ዶሮ ወጥ ፊት ተቀምጦ የሚያለቅስ ጎረምሳ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኋላ ከማዶው ጓሮ አንድ ሽማግሌ መጡ። በማግስቱ መሬታቸውን የምንለካባቸው ሰው ናቸው። ደስ ብሎኝ ፈረሰኛውን አወጣሁላቸው። እጃቸውን አልዘረጉም። ከጋቢያቸው ሥር በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ጎመን አውጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

“ያንተን አልበላም” አሉኝ ረጋ ብለው። “ነገ የእኔን መሬት ትለካለህ። ከበላሁልህ አፌ ይያዛል፣ መከራከር አልችልም። ግን በበዓል ሰው ብቻውን አይበላም። ለዚያ መጣሁ።”

እሳቸው ቆጯቸውን ጎረሱ፣ እኔ ወጤን ጎረስኩ። ብዙም አላወራንም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው ጥቂት ነገሩኝ። እስክጠግብ ጠበቁኝና መርቀውኝ ሄዱ። ወጡ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሰኞ አለቃችን ተመልሶ መሬታቸውን ለካን። ድንበሩ እዚህ አይደለም ብለው እስኪመሽ ተከራከሩ። የሰማቸው የለም። የቡናቸው ግማሽ ከችካሉ ወዲያ ቀረ። ድንበሩ የት እንደነበረ እኔም አይቻለሁ፤ ሰንሰለቱን ይዤ ቆሜ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም።

ዛሬ አርጅቻለሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴ በልጅና በልጅ ልጅ ይሞላል፤ እኔ ግን እኚያን ሰው አስቤ አፍራለሁ። በበዓሌ ቀን ብቻዬን እንዳልሆን መጡልኝ። በማግስቱ ብቻቸውን ሲከራከሩ ቆሜ አየኋቸው።